«እሳት ነው!» ብሎ ሲደውል፦ የአደጋ ስልክ አነሳስና ስምሪት፣ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ማዶ

ስልኩ ጮኸ፣ አነሳችሁት። «እሳት! እሳት! ኧረ በጊዮርጊስ ድረሱልን!» ይልና ይዘጋዋል። መኪናው ውኃ ሞልቷል። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። እሳት አጥፊዎቹ ልጆች ቦት ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። ወዴት እንደሚሄዱ ግን የሚያውቅ የለም።

ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ስልክ አጠገብ ዓመታት ተቀምጫለሁ፤ የት ቢሮ የሚለው ይቅር። እሳት አደጋ ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው ቱቦና መሰላል ነው። ከቱቦው በፊት ግን አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እየጮኸ ከሚያለቅስ ሰው አፍ ቦታ ማውጣት አለበት። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተጠርቶ ቤት በማይገኝበት ከተማ አብዛኛው ሥራ ይኸው ነው። ይህን የምጽፈው ወንበሩ ላይ ለሚቀመጡ አዲሶች ነው። ደዋዮችም ብታነቡት ጥሩ ነው፤ ምን እንደምንጠይቅ፣ ለምን እንደምንጠይቅ ካወቃችሁ ስድቡ ይቀንስልናል።

ስልኩ ከመጮኹ በፊት

ተረኛ ስትሆኑ መጀመሪያ ስልኩን ቼክ አድርጉ። ድምፁ ይሰማል? ቻርጅ አለው? መብራት ቢሄድስ? ዝናብና ነፋስ ባለበት ምሽት መብራት ይሄዳል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ ሰው ሻማ ይለኩሳል። ማለትም መብራት በሌለበት ሰዓት ነው ስልኩ የሚበዛው። ፓወር ባንክና የእጅ ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። እስክሪብቶም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል።

ቀጥሎ ካርታ። የጎግሉ ጥሩ ነው፣ ግን ሰፈሩ በሚጠራበት ስም አይጠራም። በእጃችሁ የሠራችሁት ይኑር። መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦ፣ ክረምት ላይ ጭቃ የሚይዝ ኮረኮንች፣ ውኃ የሚሞላበት ቦታ ሁሉ ይግባበት። ለሐይቁ ቅርብ ከሆነ ከሐይቁም በፓምፕ መሳብ ይቻላል፤ መኪና እስከ ውኃው ድረስ የሚጠጋበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ደንገልና እምቦጭ ያለበትን ግን አታስገቡ፣ የመሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል።

ከዚያ የስልክ ዝርዝር፣ በወረቀት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ፖሊስ። ኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ሰው። የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ድንገተኛ ክፍል። የውኃ ቦቴ ያላቸው ሰዎች። ክሬን ወይም ሎደር ያለው ሥራ ተቋራጭ። የጀልባ ማኅበራት፣ ያውም የቢሮ ስልክ ሳይሆን ሌሊትም የሚያነሳ ሰው ስልክ። አንባቢዎችም አንድ ነገር አድርጉ፦ አዲስ አበባ ላይ 939 ይባላል፣ እናንተ ግን የከተማችሁን ጣቢያ ቀጥታ ስልክ ዛሬውኑ ሴቭ አድርጉት። ቤቱ ሲነድ ቁጥር መፈለግ አይቻልም።

በመጨረሻ የቀኑን ወሬ ጠይቁ። የትኛው መንገድ ተቆፍሯል? ገበያ ነው? ጥር 10 እና 11 ከሆነ ታቦት የሚያልፍበትና ሕዝብ የሞላበት መንገድ የቱ ነው? ይህን ከሾፌሩ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

«የት ነው?» ከሁሉም ይቀድማል

«ሃሎ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። «እሳት አደጋ ነው። አደጋው የት ነው?» በሉ፣ በአንድ ትንፋሽ። ለምን ቦታው ይቀድማል? መስመሩ ቢቋረጥ፣ ካርድ ቢያልቅ፣ ባትሪ ቢሞት፣ ቦታውን ብቻ ካወቃችሁ ሰው መላክ ትችላላችሁ። ምን እንደተቃጠለ ብቻ ካወቃችሁ ግን ምንም ማድረግ አትችሉም።

«አድራሻህን ንገረኝ» አትበሉ። ሰውዬው ይደናገራል፣ መታወቂያው ላይ ያለውን ሊነግራችሁ ይሞክራል። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ባጃጅ ብትይዝ ለሾፌሩ የት ውሰደኝ ትለዋለህ?» ይኼን የማይመልስ የባሕር ዳር ሰው አላጋጠመኝም። እየጮኸም፣ እያለቀሰም ይመልሰዋል። በየቀኑ የሚለው ነገር ስለሆነ ከአፉ ራሱ ይወጣል።

ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ውረዱ። ክፍለ ከተማውን ጠይቁ፣ ግን በዚያ አትተማመኑ። ግማሹ ሰው በአዲሱ የክፍለ ከተማ ስም ይጠራል፣ ግማሹ ደግሞ አሁንም «ቀበሌ 14» ይላል፣ ወጣቱ የራሱ የሰፈር ስም አለው። ሦስቱም አንድ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የሚታይ ነገር ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ፎቅ። ከዚያ ወገኑን፦ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ወደ ውስጥ? በመጨረሻ የበሩን ቀለም።

በዚህ ከተማ አንድ ጥያቄ ፈጽሞ አይዘለልም። «ከድልድዩ ወዲህ ነው ወዲያ?» ዓባይ ከተማውን ለሁለት ይከፍላል። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚሆነው አዲሱ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል፣ ግን የተሳሳተ ወገን ሄዶ መመለስ አሁንም ደቂቃ ይበላል። ሁለተኛው ወጥመድ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ» የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲው የድሮውን ፖሊቴክኒክና የመምህራን ኮሌጁን በማዋሐድ ስለተመሠረተ ፖሊና ፔዳ የሚባሉት ግቢዎች ለየብቻ ናቸው፣ ሰላም የሚባል ግቢ አለ፣ ይባብ አለ፣ ዘንዘልማ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። «የቱ ግቢ? የትኛው ሕንፃ? በየትኛው በር ይገባል?» በሉ።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ማታ ደዋዩ የቤተ ክርስቲያን ስም ጠራልኝ። እኔ በዚያ ስም የማውቀው አንድ ደብር ነበርና «ገባኝ» ብዬ መኪና ላክሁ። በዚያ ቅዱስ ስም ከከተማው ሌላ ጫፍ ሌላ ደብር አለ። ልጆቹ ደርሰው «እዚህ ጭስ የለም» ሲሉኝ እጄ ቀዘቀዘ። ደግነቱ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «ገባኝ» የምትለዋን ቃል ከስልክ ላይ አውጥቻታለሁ። በእሷ ፈንታ የሰማሁትን እደግማለሁ፦ «ደግሜ ልበልልህ፤ ዓባይ ማዶ፣ ከመስጊዱ ታች፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። ልክ ነው?» ሰውዬው «አዎ» ካላለ ልክ አይደለም።

ሕፃን ሲደውል ደግሞ መንገዱ ይለያል። አንዴ የደወለልኝ ልጅ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ገበያ ሄዳለች፣ ታናሽ እህቱ አብራው አለች፣ ማድቤቱ ይጨሳል።

«የት ነው ቤታችሁ ማሙሽ?»

«ቤታችን ነው።»

«እሺ የኔ ጎበዝ። እህትህን እጇን ያዛት፣ ውጪ ውጡ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው። ወጣችሁ?»

«ወጣን።»

«ትምህርት ቤትህ የቱ ነው?»

ትምህርት ቤቱን ወዲያው ነገረኝ። «ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትመጣ በየት በኩል ትታጠፋለህ?» አልሁት። «በሱቁ በኩል።» «የማን ሱቅ?» የባለሱቁን ስም ነገረኝ። «ሂድና ስልኩን ለእሱ ስጠው።» ባለሱቁ በሦስት ዓረፍተ ነገር ቦታውን ጨረሰልኝ። ሕፃን አድራሻ አያውቅም፣ መንገድ ግን ያውቃል፤ የሚያውቀውን ትልቅ ሰውም ያውቃል።

ቦታው ከተያዘ በኋላ አንድ ሰው አስፋልት ላይ እንዲቆም እዘዙ። ቀን ከሆነ ነጠላ ያውለብልብ፣ ሌሊት ከሆነ የስልኩን መብራት ያብራ። የከተማችን ምርጥ ጂፒኤስ አስፋልት ዳር የቆመ ጎረምሳ ነው።

ቁጥሩ

የደዋዩን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብታዩትም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚደውለው በጎረቤት ስልክ ነው፣ ጎረቤት ደግሞ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ከተቋረጠ እናንተ ናችሁ መልሳችሁ የምትደውሉት።

ምን ይነዳል? ማን ውስጥ አለ?

ቦታና የአደጋው ዓይነት ከታወቀ መኪናው ይነሳ። ሌላውን እየሄደ ትጠይቃላችሁ። ይህን ለደዋዩ ንገሩት፦ «መኪናው ወጥቷል፤ እኔ የምጠይቅህ መንገድ ላይ ላሉት ልነግራቸው ነው።» ይህን ካልነገራችሁት «ወሬ ትተሽ ላኪ!» ይላል፣ እውነቱንም ነው። እንግሊዞች 999 የሚባለውን ስልክ እ.ኤ.አ. በ1937 የጀመሩት ለንደን ዊምፖል ስትሪት ላይ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ከሞቱ በኋላ ነው። ጎረቤትየው ለእሳት አደጋ ለመድረስ ደውሎ ስልክ ቤቱ ወረፋ ላይ አቆይቶት ነበር።

ኤንኤፍፒኤ የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር መስፈርት እሳት የሚያጠፋው ቡድን ጥሪ ከደረሰው በ80 ሰከንድ ከጣቢያው እንዲወጣ፣ የመጀመሪያው መኪና ደግሞ ከወጣ በኋላ በ4 ደቂቃ እንዲደርስ ይላል። ጋሪና ባጃጅ በሚጋፉበት መንገድ 4 ደቂቃ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ወንበሩ ላይ ያለ ሰው መንገዱን ማስፋት አይችልም። ማሳጠር የሚችለው የራሱን ወሬ ነው።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። የሚነደው ቤት ነው፣ ሱቅ ነው፣ መኪና ነው? ፎቅ ከሆነ ስንተኛው ላይ? ውስጥ ሰው አለ? ስንት ነው? የትኛው ክፍል? መስኮቱ ብረት አለው? በሩ በውጪ ተቆልፏል? የገበያ ሱቆች ከሆኑ ይኼ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። ሌሊት ሁሉም በጓጉንቸር ይቆለፋል፣ ጥበቃው ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ልጆቹም መቁረጫ ይዘው መሄድ አለባቸው። ቀጥሎ፦ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ነው? ቆርቆሮና ሸራ ተያይዞ በተሠራበት ቦታ እሳት አንድ ሱቅ ላይ አይቆምም። ይኼን ከሰማችሁ ከመጀመሪያው ሁለተኛ መኪናና ቦቴ አስነሱ። «ትንሽ እንይ» ብሎ መጠበቅ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው ይደብቃል። ቤንዚን። በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በጀሪካን ቤት ያስቀመጠ ሰው «ምንም የለም» ይላል፣ ፖሊስ ይመጣብኛል ብሎ። ድምፁ ቀንሶ «ምንም… የለም» ካለ አለ ማለት ነው። «ጋሼ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። የምጠይቅዎት ልጆቹ እሳቱ ውስጥ ገብተው እንዳይፈነዳባቸው ነው። ስንት ጀሪካን ነው?» በሉ። ይነግራችኋል።

ሰው ሲጮኽ እናንተ አትጩኹ። «ተረጋጋ» ማለትም አይሠራም፤ ተረጋጋ ሲሉት የተረጋጋ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙና በተመሳሳይ ድምፅ ደጋግሙት፣ ከነምክንያቱ። «እንድደርስልሽ ቦታውን ንገሪኝ። እንድደርስልሽ ቦታውን ንገሪኝ።» ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ላይ ይሰማል። ስሟን ጠይቃችሁ በስሟ ከጠራችሁ ደግሞ ሁለተኛው ላይ።

ሬዲዮው ላይ

ሬዲዮ ላይ ታሪክ አይነገርም። ቦታ፣ ዓይነት፣ ሰው፣ አደገኛ ነገር፣ መንገድ። በዚህ ቅደም ተከተል። «ዓባይ ማዶ፣ ከመስጊዱ ታች ሁለተኛ ቅያስ፣ ሰማያዊ በር። የመኖሪያ ቤት እሳት። አንድ ሽማግሌ ጓዳ ውስጥ። ሁለት ጀሪካን ቤንዚን በረንዳ ላይ። በታችኛው መንገድ ግቡ፣ የላይኛው ተቆፍሯል። ተቀበል።» ሾፌሩ ቦታውን መልሶ ካልደገመላችሁ አልሰማም ብላችሁ ቁጠሩት። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ንገሩት፤ ሽማግሌው ከወጡም ንገሩት፣ አለበለዚያ የሌለ ሰው ፍለጋ ጭስ ውስጥ ይገባሉ።

እስኪደርሱ ድረስ ደዋዩን ምን ታደርጉታላችሁ?

እዚህ ጋ ነው ስልኩ ራሱ ሕይወት የሚያድነው። ትእዛዙ አጭር ይሁን። አንድ ነገር በአንዴ፣ ከዚያ «አደረግሽው?»

ቤት ከነደደ ሁሉም ይውጣ፣ ማንም አይመለስ። ሰው ለሰነድ ይመለሳል፣ ለቴሌቪዥን ይመለሳል። ሲወጡ በሩን ይዝጉት እንጂ አይቆልፉት። የተዘጋ በር እሳቱን አየር ይነሳዋል፣ ጭሱንም ይይዘዋል። መውጣት ያልቻለ ካለ ደግሞ በእሱና በእሳቱ መሐል ያለውን በር ይዝጋ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በረጠበ ጨርቅ ይድፈን፣ መስኮት ጋ ሄዶ ይታይ፣ ወለል ላይ ዝቅ ይበል። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚገድለውም ከእሳቱ ቀድሞ ጭሱ ነው። የትኛው መስኮት እንደሆነ ያዙና ለሬዲዮ ስጡ።

የዘይት እሳት ላይ አንድ እናት ያወራኋቸውን አልረሳም። ድስት ላይ ዘይት ተቀጣጥሏል፣ እሳቸው ጆግ ውኃ ይዘው ቆመዋል።

«እማማ፣ ውኃውን ያስቀምጡት።»

«እየነደደ እኮ ነው ልጄ!»

«ውኃ ካፈሰሱበት ይረጭብዎታል። ያስቀምጡት። ምድጃውን ማጥፋት ይችላሉ?»

«አጠፋሁ።»

«ክዳን አለ? ከጎን አንሸራተው ይክደኑት። ከላይ አይጣሉት።»

ዝምታ። ከዚያ «ጠፋ» አሉኝ፣ «እንዲህ በቀላሉ!» ብለው ተቆጡ ደግሞ። «አይክፈቱት» አልኋቸው። ድስቱ እስኪበርድ መከፈት የለበትም፤ አየር ሲያገኝ እንደገና ይነሳል። ውኃ ለምን ክፉ ሆነ? ውኃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ወደ 1,700 እጥፍ ይሰፋል። የሚነደውን ዘይት ይዞት ነው የሚወጣው።

ቡታጋዝ ሁለት ዓይነት ነው። ይሸታል ግን አልነደደም ከተባለ መብራት አያብሩም፣ አያጠፉምም፣ ክብሪት የለም፣ በርና መስኮት ከፍተው ይውጡ፣ ስልኩንም ውጪ ሆነው ያውሩበት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ «አሁን አይሸትም» ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ከሲሊንደሩ አፍ ላይ እየነደደ ከሆነና እጅ ሳይቃጠል ቫልቩን መዝጋት ከተቻለ ይዝጉት። ካልተቻለ ነበልባሉን ለማጥፋት አይሞክሩ። ነበልባሉ ጠፍቶ ጋዙ ከቀጠለ ቤቱን ሁሉ ይሞላና ይፈነዳል። ሰው አርቀው ይጠብቁን።

የኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ምጣዱ፣ ማከፋፈያው፣ ምንም ይሁን፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ቀድመው ይጣሉት፣ መድረስ ከተቻለ። ሳይጠፋ ውኃ የለም። ውጪ ሽቦ ተበጥሶ ከወደቀ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፣ ሕፃናትንና ከብቱን ያርቁ።

ልብስ የተቀጣጠለ ሰው እንዳይሮጥ ጩኹ። ይተኛ፣ ይንከባለል፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ቃጠሎው ላይ የሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ፣ 20 ደቂቃ። ኮልጌት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ማር የለም፣ እንቁላል የለም። ይኼን አራት ጊዜ መድገም ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም ከጎን ያለች አክስት ኮልጌቱን ይዛ ቆማለች።

«ሰዎቹ ተኝተው አይነቁም» የሚል ስልክ ከመጣ ደግሞ ከሰል ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ አራስ ቤት። በር ይከፈት፣ ከሰሉ ይውጣ፣ ሰዎቹን ወደ ውጪ ይጎትቱ፣ 907 ይጠራ። ገቢውም ትንፋሹን ይዞ ይግባ፣ አይቆይ።

ሐይቁ ላይ ሲሆን

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ብዙም አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ለሰመጠ ሰው ግን ሁለት ሜትርም ይበቃል። ጠዋት ሐይቁ እንደ ሰሃን ይተኛል፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ይመጣል፣ ከዘጌ የሚመለስ ሰውም የሚደውልላችሁ ያን ጊዜ ነው።

ጀልባ ላይ ካለ ደዋይ «የት ነህ?» ብትሉት «ሐይቁ መሐል» ይላል። ሐይቁ ሁሉ መሐል ነው። እንዲህ ጠይቁት፦ ከየት ተነሳችሁ? በስንት ሰዓት? ወዴት ነበር? ሞተር ነው ታንኳ? ስንት ሰው ነው? ነፋሱ ፊትህን ነው የሚመታው ጀርባህን? ክብራን ደሴት ይታይሃል? በየት እጅህ በኩል? የሚታይ ቤተ ክርስቲያን፣ ተራራ፣ ፎቅ አለ? ስማርት ስልክ ካለው ቦታውን በቴሌግራም ይላክላችሁ፣ ኔትወርክ ካለ። ስልክ ያላቸው ሌሎቹ ያጥፉ፣ ባትሪ ይቆጥቡ፤ አንዱ ብቻ ይብራ። በየ10 ደቂቃው እናንተ ደውሉ።

ጀልባው ከተገለበጠ ከጀልባው አይለያዩ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፣ አይደለም። የተገለበጠ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። እናንተ ደግሞ ወዲያው የጀልባ ማኅበሩን ደውሉ፤ ሐይቅ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው አቅራቢያው ያለ ጀልባ ነው። ቦታውን ስትነግሯቸው ነፋሱን አትርሱ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረበት ቦታ ላይ አያገኙትም።

ከዳር ሆኖ «ሰው እየሰመጠ ነው» የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ቃላችሁ «አትግባ» ይሁን። ዋና የሚችል ጓደኛ ገብቶ ሁለቱም የሚቀሩበት ነገር በጣም ብዙ ነው፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን አንቆ ነው የሚይዘው። ገመድ ይወርውር፣ ረጅም እንጨት ያቀብል፣ ነጠላ ያስረዝም። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጀሪካን እንደ ልብ ይንሳፈፋል፣ እሱን ይወርውር። ሰውየው ከጠፋ ደዋዩ ካለበት አይንቀሳቀስ። የጠፋበትን ቦታ እያየ ከማዶ በዚያው አቅጣጫ ያለ አንድ ዛፍ ወይም ሕንፃ በምልክትነት ይያዝ። ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ምልክቱ ሁሉ ይጠፋል።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ከሆነ ሁለት ነገር ይለወጣል። ውኃው ይወስዳል፣ ስለዚህ ሰው የምትልኩት ከወደቀበት ሳይሆን ከታች ነው። ደግሞ ጉማሬ አለ። በተለይ ሲመሽ ማንንም ወደ ዳር አታስጠጉ።

ሰውየው ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ቁልቁል አይስቀሉት፣ ሆዱንም አይጫኑ፤ ውኃ ለማስወጣት ተብሎ የሚባክነው ጊዜ ነው የሚገድለው። በጀርባው ያስተኙት። አምስት ጊዜ በአፍ አየር ይስጡት። ከዚያ ደረቱ መሐል ላይ 30 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ፍጥነት። ሁለት ትንፋሽ። እንደገና 30። እናንተ ስልክ ላይ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩላቸው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»፤ የሚጫነው ሰው ሲደክም ሌላ ይተካው።

ጉድጓድና መኪና

ጉድጓድ ወይም ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ከገባና መልስ ካልሰጠ ሁለተኛ ሰው አይግባ። ታች አየር የለም ወይም ጋዝ አለ፤ ወንድም ለወንድም ገብቶ ሦስት ሬሳ የሚወጣው ለዚህ ነው። የሚመልስ ከሆነ ገመድ ይውረድለት፣ ራሱ ብብቱ ሥር ይሰረው። ሰዉ ከአፉ ይራቅ፣ አፈሩ ይናዳል።

የመኪና ግጭት ሲሆን በየትኛው መንገድ፣ ወደየት ሲሄድ፣ ከየትኛው ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ያዙ። የተጣበቀ ሰው አለ? ነዳጅ ይፈሳል? ሞተር ይጥፋ፣ ሲጋራ ይጥፋ። እሳት ከሌለ የተጎዳውን በጉልበት አይጎትቱት። አይሱዙ ላይ ምን እንደተጫነ ጠይቁ።

ሁሉም ሲደውል

አንድ የገበያ እሳት በአንድ ጊዜ ስልኩን ያጨናንቀዋል። «አዎ፣ ሰምተናል» ብላችሁ አትዝጉ። መጀመሪያ ቦታውን ጠይቁ፤ አምስተኛው ደዋይ ስለሌላ እሳት ሊሆን ይችላል። ቦታው አንድ ከሆነ «ውስጥ ሰው ይታይሃል?» ብቻ ጠይቁና ልቀቁት።

የልጆች ቀልድ ይመጣል፣ የሚሳደብም ይመጣል። ዝም ያለ ስልክ ግን ቀልድ አይደለም እስኪረጋገጥ ድረስ። «መናገር ካልቻልህ አንዴ አሳልልኝ» በሉ። መልሳችሁ ደውሉ። ካልተነሳ ጻፉትና ለፖሊስ ንገሩ።

መዝገቡ

ስልክ የተነሳበት፣ መኪና የወጣበት፣ የደረሰበት፣ እሳቱ የተያዘበት፣ የተመለሰበት። የእነዚህ የአምስቱም ሰዓት ይጻፋል። «ማታ 3» ወይም «ጠዋት 3» ብላችሁ ጻፉ፣ 3 ብቻ አይበቃም፤ አንዱ በሐበሻ ሰዓት፣ አንዱ በስልኩ ሰዓት ሲጽፍ ስድስት ሰዓት የዘገየ የሚመስል መኪና አይቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ መልስ ያጣሁትም እኔ ነኝ።

ተረኛ ሲቀየር ያልተዘጋውን ጥሪ በቃል ብቻ አታስረክቡ፣ መዝገቡን አብራችሁ አንብቡ። የተቆፈረውን መንገድ ንገሩት። የጎደለ ቦቴ ካለ ንገሩት። ፓወር ባንኩን ቻርጅ ላይ ሰኩት።